ቋንቋው በነፃ፣ ዋስትናው በውድ

መርካቶ ውስጥ ያለ ነጋዴ ደረሰኝ በቆረጠ ቁጥር አንድ ትንሽ ኮምፒውተር እያዘዘ ነው። የካሽ ሬጅስተር ማሽኑ ሲያዩት ኮምፒውተር አይመስልም። ቁልፎች፣ ጠባብ መስኮትና የወረቀት ጥቅል ያለበት ሣጥን ነው። ነገር ግን ሒሳብ የሚደምር፣ ታክስ የሚነጥል፣ የቀኑን ሽያጭ እንዳይፋቅ አድርጎ የሚመዘግብና ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የሚያስተላልፍ ፕሮግራም በውስጡ ተቀብሯል። ፕሮግራሙም በሆነ የኮምፒውተር ቋንቋ ተጽፏል። ነጋዴው ማሽኑን ሲገዛ ለፕላስቲኩ፣ ለማተሚያው፣ ለቺፑ፣ ለአስመጪው ትርፍና ለጥገናው ከፍሏል። ከከፈለው ውስጥ ቋንቋውን ለፈጠረው ሰው የደረሰ ነገር ካለ ከሳንቲም አይበልጥም።

ነገሩ በካሽ ሬጅስተር አያበቃም። ካርድ የሚሞላው የመብራት ቆጣሪ፣ የሕንፃው ሊፍት፣ የባንኩ ፖስ ማሽን፣ በሆስፒታል ለታማሚ መድኃኒት እየለካ የሚሰጠው ፓምፕ፣ ከቻይና የመጣችው የኤሌክትሪክ መኪና፣ ሁሉም በሆዳቸው ኮምፒውተር ይዘዋል። የእነዚህ ዕቃዎች ፕሮግራም የሚጻፍባቸውን ቋንቋዎችና የሥራ መሣሪያዎች ለገበያ የሚያቀርቡ ኩባንያዎች በአሜሪካና በአውሮፓ ከ40 ዓመት በላይ አስቆጥረዋል። ባለሀብቶችም ገንዘባቸውን አፍስሰውባቸዋል። አንዳንዱ ከብሯል፤ አንዳንዱ ደግሞ ያፈሰሰው ገንዘብ ወዴት እንደገባ ሳያውቀው ቀርቷል።

ይህ ገበያ በቅርብ ዓመታት እንደገና ሞቅ ብሏል። መኪና ከሞተር ይልቅ በሶፍትዌር የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል፤ መንግሥታት በዕቃ ውስጥ በሚቀበር ፕሮግራም ላይ ሕግ ማውጣት ጀምረዋል፤ አዳዲስ ቋንቋዎችም አሮጌዎቹን እንተካለን ብለው መጥተዋል። እንዲህ ዓይነት ሙቀት ባለበት ሁሉ አክሲዮን ሻጭ አይጠፋም። በመሆኑም አዲስ አበባ ያለው ባለገንዘብ ጥያቄው ከመምጣቱ በፊት መልሱን ቢያውቅ ይበጀዋል። ቋንቋ ለብቻው ሸቀጥ ሆኖ ባለቤቱን ያከበረበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። በዚህ ገበያ ዋጋ የሚያወጣው በቋንቋው ዙሪያ ያለው ዋስትና ነው፤ ‹‹ይህ ዕቃ ሥራውን አያቋርጥም፣ ቢያቋርጥም ተጠያቂው እኔ ነኝ›› የሚል ፊርማ።

የሳን ኩባንያ ላም

ለዚህ አባባል ከጃቫ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ጃቫን ብዙ ሰው የሚያውቀው በኢንተርኔት ነው። ሲወለድ ግን የተወጠነው ለቤት ዕቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ የሚገኘው ሳን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኮምፒውተር አምራች ጥቂት መሐንዲሶቹን ከሌላው ሠራተኛ ነጥሎ የሚቀጥለውን ገበያ እንዲፈልጉ አሰማራቸው። መልሳቸው ከእጅ ኮምፒውተር እስከ ቴሌቪዥን ሪሲቨር ድረስ ያለው የቤት ውስጥ ዕቃ ነው የሚል ሆነ።

ከመሐንዲሶቹ አንዱ ጄምስ ጎስሊንግ ሥራውን በጊዜው በተለመደው በሲ ፕላስ ፕላስ ጀመረና ብዙም ሳይቆይ ተማረረበት። ችግሩ ነጋዴ የሚረዳው ዓይነት ነው። የቤት ዕቃ አምራች ለአንድ አቅራቢ ታማኝ አይደለም። ዘንድሮ ከአንዱ የገዛውን ቺፕ በሚቀጥለው ዓመት ሌላው በሁለት ዶላር ካረከሰለት ወደዚያ ይዞራል። ቺፑ ሲለወጥ ለቀድሞው የተዘጋጀው ፕሮግራም እንዳለ አይሠራም፤ እንደገና መሰናዳትና መፈተሽ አለበት። ጎስሊንግ ቺፕ ቢቀያየርም ፕሮግራሙ ሳይነካ የሚሠራበት ቋንቋ ፈጠረ። ከቢሮው ውጭ በነበረ ዛፍ ስምም ‹‹ኦክ›› አለው። በ1992 ቡድኑ ‹‹ስታር ሰቨን›› የተባለ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ሠርቶ አሳየ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ቋንቋውም ጥሩ ነበር። ያልነበረው ገዢ ነው።

ሳን ለዚህ ሥራ ለብቻው አንድ ቅርንጫፍ ኩባንያ አቋቁሞ ታይም ዋርነር ላወጣው የቴሌቪዥን ሪሲቨር ጨረታ ተወዳደረ። በ1993 ጨረታው ለሲሊከን ግራፊክስ ሆነ። ሌላም ድርድር ሳይሰምር ቀረና ቅርንጫፉ በ1994 ፈረሰ። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይኼው ነው። ቋንቋው ከመቃብር የዳነው ኢንተርኔት በድንገት ስለመጣ ሲሆን፣ ኦክ የሚለው ስም በሌላ ኩባንያ የተያዘ በመሆኑ በ1995 ጃቫ ተብሎ ለዓለም ታየ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የበለጠ ያስተምራል። ጃቫ ወደ ተወለደበት ገበያ ተመለሰ፤ በዚያም ገነነ። በ1996 በቴክሳስ ኦስቲን የሚሠሩ የሽሉምበርዤ መሐንዲሶች ጃቫን አሳንሰው በካርድ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ አስገቡት። ‹‹ጃቫ ካርድ›› የሚባለው ይህ ነው። በ1999 ደግሞ ለተንቀሳቃሽ ስልክ የሚሆን ጃቫ ወጣ፤ ከእጅ ስልክ ጌሞች ብዙዎቹ ያኔ በእሱ ተጻፉ። በዓለም ላይ ጃቫ የተጫነባቸው ሲም ካርዶችና የባንክ ካርዶች የሚቆጠሩት በቢሊዮን ነው። ይህን የሚያነብ ነጋዴ ኪስ ውስጥ ያለችው ሲም ካርድም ከዚያ ቤተሰብ የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው። በዕቃ ውስጥ ከሚቀበሩ ቋንቋዎች መካከል በሥርጭት ይህን ያህል የተሳካለት ጥቂት ነው።

ታዲያ ሳን ከበረ? የስልክ አምራቾች በውል የፈቃድ ክፍያ ይከፍሉት ነበር። የኩባንያው እንጀራ ግን ምንጊዜም ትልልቅ ኮምፒውተሮችን መሸጥ ነበር። ከ2000 በኋላ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ገበያ ሲፈርስ የኮምፒውተሩ ሽያጭ ወረደ፤ የጃቫ ገቢም ቀዳዳውን ሊደፍነው አልቻለም። በ2010 ኦራክል ኩባንያውን ከነጓዙ በ7.4 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። በካዝና የነበረው ገንዘብና ዕዳው ተቀናንሶ ሲሰላ ዋጋው 5.6 ቢሊዮን ነበር። በዚህ ዋጋ ውስጥ ጃቫ ብቻ ሳይሆን ፋብሪካውም፣ ኮምፒውተሩም፣ ደንበኛውም አለ።

ኦራክል ግዢውን እንደፈጸመ በዚያው ዓመት ጎግልን ከሰሰ። ጎግል አንድሮይድን ሲሠራ ፈቃድ ሳይገዛ የጃቫን መጠሪያዎችና አደረጃጀት ወስዷል የሚል ነበር ክሱ። የተጠየቀው ካሣ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር፣ ክርክር የተነሳባቸው መስመሮች ደግሞ 11,500 ገደማ ነበሩ። ከ10 ዓመት በላይ ከተጎተተ በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2021 በ6 ለ2 ድምፅ ለጎግል ፈረደ። የቋንቋ ባለቤትነት በፍርድ ቤት በር ላይ ምን ያህል እንደሚያወጣ ለማወቅ የፈለገ ባለአክሲዮን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም።

አሁን ሌላውን ወገን እንመልከት። ካርዱን የሚሠሩት ጌምፕለስና ከሽሉምበርዤ የተነጠለው አክሳልቶ በ2006 ተዋሕደው ጌማልቶ ሆኑ። ጌማልቶን በ2019 የፈረንሳዩ ታሌስ በ4.8 ቢሊዮን ዩሮ ገዛው። ጌማልቶ የጃቫ ባለቤት አልነበረም። ለባንኮችና ለቴሌኮም ድርጅቶች ይሸጥ የነበረው ‹‹ይህች ካርድ ተፈትሻለች፣ ምስጢሯ አይሰረቅም›› የሚለውን ማረጋገጫ ከነካርዱ ነው። ካርድ ሠሪው ከነማረጋገጫው ያወጣው ዋጋ፣ ቋንቋ ፈጣሪው ከነፋብሪካው ካወጣው ብዙም አልራቀም። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥም በ2007 ኤምፔሳ ሲጀመር በሲም ካርድ ላይ የተጫነች አነስተኛ ሜኑ ነበረች፤ የከበረው ግን ሜኑዋ የተጻፈችበት ቋንቋ ባለቤት ሳይሆን ደንበኛና ወኪል ያሰባሰበው ሳፋሪኮም ነው።

ነፃ ዕቃ ሸጦ መክበር

የፕሮግራም ቋንቋ ወደ ቺፕ የሚገባው ኮምፓይለር በሚባል አስተርጓሚ አማካይነት ነው። ሰው የጻፈውን ወስዶ ቺፑ ወደሚገባው ቁጥር ይመልሰዋል። ለእያንዳንዱ ዓይነት ቺፕ የሚሆን አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ለብዙ ዓመታት ይህ የሚሸጥ ዕቃ ነበር፤ እንደ ስዊድኑ አይኤአር እና እንደ አሜሪካው ግሪን ሂልስ ያሉ ኩባንያዎች ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንስተው የኖሩበት ነው። ከ1987 ጀምሮ ግን ጂሲሲ የሚባል ነፃ ኮምፓይለር መጣ። ማንም ይወስደዋል፣ ማንም ያሻሽለዋል፣ ክፍያ የለውም።

ሲግነስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1989 ሲቋቋም ሦስቱ መሥራቾች ያዋጡት 6 ሺህ ዶላር ያህል ነበር። የሚሸጡት ዕቃ አልነበራቸውም። ሥራቸው ጂሲሲን መደገፍ ነበር። አዲስ ቺፕ የሚያወጣ ፋብሪካ ለቺፑ አስተርጓሚ ከሌለው ቺፑን የሚገዛው የለም፤ ስለዚህ ሲግነስን ጠርቶ ‹‹ነፃውን ኮምፓይለር ለእኔ ቺፕ አስማማልኝ፤ ለሚቀጥሉት ዓመታትም ስህተት ሲገኝ አንተ ታርመዋለህ›› ይለዋል፤ ይከፍለዋልም። በ1999 ሬድ ሃት ሲግነስን ለመግዛት ሲስማማ የግዢው ዋጋ 674 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው ተባለ። ደላላ የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይበል፤ ክፍያው በአክሲዮን ነበር፤ ጊዜውም የቴክኖሎጂ አክሲዮን ከሰማይ የደረሰበት ነበር። ወረቀት ላይ ያለ ዋጋና እጅ የገባ ገንዘብ ለየቅል ናቸው። ያም ሆኖ፣ በነፃ የሚታደል ዕቃ የሚያገለግል ድርጅት 10 ዓመት ሠርቶ እዚያ መድረሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው ሊታይ የሚገባው ዊንድ ሪቨር ነው። እርግጥ ዋናው ሸቀጡ ቋንቋ ሳይሆን ዕቃ ውስጥ የሚቀበረውን ፕሮግራም የሚያስተዳድር ሥርዓት ነው፤ ቢሆንም ገበያው አንድ ነው። በ1997 ማርስ ላይ ያረፈችው ፓዝፋይንደር የምትሠራው በዊንድ ሪቨር ሥርዓት ነበር። መንኮራኩሯ እዚያው ሆና ራሷን ደጋግማ ማጥፋትና ማስነሳት ስትጀምር፣ መሐንዲሶች መንስኤውን ምድር ላይ ሆነው አግኝተው ማስተካከያውን ላኩላት። ደንበኛው የከፈለው ለእንዲህ ዓይነቷ ቀን ነው። ኢንቴል በ2009 ኩባንያውን በ884 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2018 ለቲፒጂ ሸጠው። በጥር 2022 የመኪና ዕቃ አምራቹ አፕቲቭ በ4.3 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማማ። ዓመቱ የቴክኖሎጂ አክሲዮኖች የወደቁበት ነበርና በታኅሣሥ ግዢው ሲያልቅ ዋጋው 3.5 ቢሊዮን ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ 800 ሚሊዮን ዶላር ተሸረፈ ማለት ነው። ሻጩ ግን አሁንም አላለቀሰም።

ሊፍት የወለደው ቋንቋ

በአሁኑ ጊዜ ወሬው ሁሉ ስለ ረስት ነው። በካናዳ ቫንኩቨር የሚኖረው ግሬይደን ሆር በ2006 አንድ ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ የሕንፃው ሊፍት ቆሞ ያገኘዋል። ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ ነው፤ የመጀመሪያው ጊዜም አልነበረም። ቤቱ 21ኛ ፎቅ ላይ ነውና ደረጃውን እየወጣ ተቆጣ። ቋንቋውን በትርፍ ጊዜው መሥራት ጀመረ፤ ያኔ ይሠራበት የነበረው ሞዚላም በኋላ ደገፈው። ስያሜውን የወሰደው በዕፅዋት ላይ ከሚወጡት ሻጋታዎች ነው፤ ገበሬው ስንዴ ላይ ሲያየው ዋግ የሚለው ማለት ነው። ለቋንቋ የሚሰጥ ስም አይመስልም፤ ግን ያዘለት።

ረስት የሚያክመው በሽታ በመጋዘን ምሳሌ ይገባል። በዕቃ ውስጥ ላለ ኮምፒውተር የሚጻፈው ፕሮግራም አብዛኛው ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ባለው በሲ ቋንቋ ነው። ሲ ፈጣን ነው፣ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል። ይሁንና መጋዘኑን የሚጠብቅለት የለም። አንዱ መደርደሪያ ለሌላ ሰው ከተከራየ በኋላ የቀድሞው ተከራይ ቁልፉን ይዞ ይገባል፤ ወይም 10 ካርቶን በሚችል መደርደሪያ ላይ 12 ያስቀምጥና ሁለቱ የጎረቤቱን ዕቃ ይጨፈልቃሉ። ሌባም የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። ረስት አንድ ዕቃ በአንድ ጊዜ አንድ ባለቤት ብቻ እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ይህንንም ፕሮግራሙ ከፋብሪካ ሳይወጣ ይፈትሻል። ውጤቱ በቁጥር ታይቷል። ጎግል በአንድሮይድ አዲስ የሚጻፈውን እንዲህ ወዳሉ ቋንቋዎች ማዞር ከጀመረ በኋላ፣ ከደኅንነት ቀዳዳዎች ውስጥ የዚህ ዓይነቱ ድርሻ በ2019 ከነበረበት 76 በመቶ በ2024 ወደ 24 በመቶ ወርዷል።

እንግዲህ ገንዘቡ የት ገባ? ሞዚላ በ2020 ወደ 250 ሠራተኞች አሰናበተ፤ ከረስት ጋር የተያያዘ ሥራ ይሠሩ የነበሩም አብረው ወጡ። በ2021 ቋንቋው ለአንድ ፋውንዴሽን ተሰጠ፤ መሥራች አባላቱ አማዞን፣ ጎግል፣ ሁዋዌ፣ ማይክሮሶፍትና ራሱ ሞዚላ ናቸው። ያሳደገው ቤት ከቋንቋው ሽያጭ ያገኘው ነገር የለም። በረስት ስም ለመሸጥ የበቃው ሌላ ነው። የበርሊኑ ፌረስ ሲስተምስ የረስትን ኮምፓይለር ለመኪናና ለፋብሪካ ማሽን ደኅንነት በሚያስፈልገው መለኪያ አስፈትሾ በ2023 ከጀርመኑ መርማሪ ድርጅት ከቱፍ ዙድ ማረጋገጫ አገኘ። የፍሬን ፕሮግራም የሚጽፍ የመኪና አምራች ነፃውን ኮምፓይለር ከማንም ሊወስድ ይችላል፤ ማረጋገጫ ያለውን ግን ይከፍልበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ የለበትም። ፌረስ ይህን ኮምፓይለር ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው ለአንድ ተጠቃሚ በወር ከ25 ዩሮ የሚጀምር ነበር። ይህ ለመኪና ፋብሪካ የቡና ወጪ ነው። የማረጋገጫ ወረቀቱም ቢሆን በጊዜ ብዛት እንደሚረክስ ምልክት ይታያል። የማይረክሰው ሰው ነው፤ ስልክ ሲደወል የሚያነሳ፣ ከ10 ዓመት በፊት የተሸጠ ዕቃ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም ከፍቶ ማረም የሚችል፣ በውልም የሚጠየቅ።

ቋንቋው ጥሩ መሆኑ ብቻውን እንደማያድን አውሮፓውያን ቀድመው አይተውታል። የአሜሪካ መከላከያ ለጥንቃቄ ብሎ ያሠራው አዳ የተባለው ቋንቋ በጥብቅነቱ የታወቀ ነው። በሰኔ 4 ቀን 1996 የተተኮሰችው የአሪያን 5 ሮኬት የአቅጣጫ ፕሮግራም የተጻፈው በእሱ ነበር፤ ሮኬቷ ከተነሳች 40 ሰከንድ ገደማ ላይ ፈነዳች። ለቀድሞዋ ለአሪያን 4 የተጻፈው ፕሮግራም ለፈጣኗ እህቷ እንዳለ ተወስዶ፣ አንድ ቁጥር ከተዘጋጀለት ቦታ በልጦ ፈሰሰ። በአዲሱ የበረራ መስመር የፈተነው አልነበረም።

ሕጉ የሚገፋው ዕቃ

እስከዛሬ የነበረውን ሒሳብ ሊቀይር የሚችለው የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው የሳይበር ደኅንነት ሕግ ነው። ሶፍትዌር ያለበት ዕቃ ሁሉ ማለት ይቻላል በሕጉ ውስጥ ይገባል። አምራቹ የታወቀ ቀዳዳ ያለበትን ዕቃ መሸጥ አይችልም፤ ከሸጠም በኋላ ፕሮግራሙን ማደስ ግዴታው ነው። አብዛኛው ግዴታ ሥራ ላይ የሚውለው ከዲሴምበር 2027 ጀምሮ ሲሆን ቅጣቱ እስከ 15 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ሽያጭ 2.5 በመቶ ይደርሳል፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። ግዴታው ወደ አውሮፓ በሚያስገባው አስመጪ ላይም ያርፋል።

ይህ ለረስትና ለመሰሎቹ አዲስ ገበያ መክፈቱ አይቀርም። ለመርካቶ አስመጪ ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው። ሕጉን ለማሟላት ያልቻለ አምራች መጋዘን ውስጥ ያለውን ዕቃ አይጥለውም፤ ሕጉ ወደማይደርስበት አገር አርክሶ ይልከዋል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነው። ካሜራ፣ ራውተር፣ የበር ቁልፍ፣ የሶላር መቆጣጠሪያ በሚያጓጓ ዋጋ ሲቀርብ ርካሽነቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ዕቃ በሺህ የሚቆጠር አምጥቶ ለባንክና ለሆቴል የሸጠ ነጋዴ፣ ቀዳዳው ሲገኝ አምራቹ ስልክ አያነሳለትም።

የኤሌክትሪክ መኪናው ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። መንግሥት በጥር 2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የመኪና ነጋዴ ሁሉ ሳያስበው ሶፍትዌር ነጋዴ ሆኗል። የባትሪውን ሙቀት የሚቆጣጠረው፣ ፍሬኑን የሚመጥነው፣ ቻርጅ የሚያደርገውን ሣጥን የሚያናግረው የተቀበረ ፕሮግራም ነው። ለቻይና የአገር ውስጥ ገበያ የተሠራች መኪና በጎን መንገድ ስትገባ አምራቹ ‹‹እኔ ወደ ኢትዮጵያ አልሸጥኩም›› የማለት መብት አለው። ጎማ ከሶማሌ ተራ ይገኛል፣ ፍሬን ሸራም እንዲሁ። የባትሪ ፕሮግራም ግን ማንም ቆርጦ አይቀጥለውም። ዋጋውን በዚህ ያልቀነሰ ገዢ ተጎድቷል።

በአንፃሩ ካሽ ሬጅስተር ለአገር ውስጥ ገበያ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2007 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ማሽኑን ግዴታ ሲያደርግ ማንኛውም ሣጥን ገበያ ውስጥ አልገባም። ማሽኑና ፕሮግራሙ ዕውቅና ማግኘት ነበረባቸው፤ አቅራቢውም የጥገና ሰው እንዲኖረው ተገደደ። ዕውቅና የሌለው ማሽን በየትኛውም ድንቅ ቋንቋ ቢጻፍ ከፕላስቲክ አይለይም። በበርሊን ሆነ በአዲስ አበባ ገንዘቡ ያለው በማኅተሙ አጠገብ ነው።

ስለዚህ ለወጣት መሐንዲሶች ገንዘብ ለማዋስ ወይም አክሲዮን ለመግዛት ያሰበ ባለሀብት አዲስ ቋንቋ ፈጥረናል የሚለውን በጨዋነት ሰምቶ ቢያልፈው ይሻላል። አማርኛ ቃላት ያሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ለትምህርት ቤት ጥሩ ነው፤ ለትርፍ ድርሻ ግን አይሆንም። መሣሪያው ርካሽ ሆኗል። እንግሊዝ አገር የሚኖር አንድ ፊዚክስ ተመራማሪ ፓይተን የተባለውን ቀላል ቋንቋ በትንሽ ቺፕ ላይ ለማስኬድ በ2013 ከሕዝብ 15 ሺህ ፓውንድ ጠይቆ ወደ 98 ሺህ አገኘ፤ ሥራውን ዛሬ ማንም በነፃ ይወስደዋል። አዲስ አበባ ያሉ አምስት ልጆች በእሱ የቆጣሪ ወይም የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ለመሥራት የሚጎድላቸው ቋንቋ አይደለም። የሚጎድላቸው የሠሩትን የሚፈትሽ ላቦራቶሪና ለአምስት ዓመት ጥገና ውል የሚፈርም ደንበኛ ነው። ገንዘብ ማፍሰስ ካስፈለገ ወደዚያ ነው።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2025 በሩን ከፍቷል። አንድ ቀን የቴክኖሎጂ ድርጅት አክሲዮኑን ይዞ ሲመጣ ደላላው በሰነዱ ውስጥ መፈለግ ያለበት የፕሮግራም ቋንቋውን ስም አይደለም። በሥራ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ስንት ናቸው፣ የጥገና ውሉ የስንት ዓመት ነው፣ የፕሮግራሙ ዋና ጽሑፍ በማን እጅ ነው፣ መሣሪያው ሰው ቢጎዳ ካሣውን ማን ይከፍላል የሚለውን ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሦስተኛው በእኛ አገር ብዙም አይጠየቅም። ውጭ አገር ግን ገዢው የፕሮግራሙ ዋና ጽሑፍ በሦስተኛ ወገን ዘንድ በአደራ እንዲቀመጥ ያስደርጋል፤ ሻጩ ቢከስር ወይም ቢጠፋ ሰነዱ ለገዢው ይሰጣል። ቆጣሪ፣ ካሽ ሬጅስተርና ፖስ ማሽን በብዛት የሚገዙ ድርጅቶች ይህን በጨረታ ሰነዳቸው ላይ አንድ አንቀጽ አድርገው ቢያስገቡት፣ አደራውን የሚቀበል ባንክ ወይም የሕግ ቢሮ በየዓመቱ የሚሰበስበው ክፍያ ያገኛል፤ ያንን ክፍያ ለማግኘትም አንድ መስመር ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልገውም።